በቸልተኝነት ለደረሰ የአካል ጉዳትና ሞት ካሣ፦ ሕጉ ምን ይላል? ማን፣ ከማን፣ እስከ መቼ ሊጠይቅ ይችላል?

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ የጉናን ተራራ ታክኮ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። መንገዱ ጠመዝማዛና ዳገታማ ነው፤ በክረምት ጉም ይጥልበታል። በገበያ ቀን ደግሞ የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ እግረኛና የሚነዳ ከብት አብረው ይጓዙበታል። በዚህ መንገድም ሆነ በሌላ ቦታ ሰው ሲሞት ወይም አካሉ ሲጎድል ሕዝቡ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «አጥፊው ተያዘ ወይ?» ብሎ ነው። ሠሪ እጅ የጎደለበት ቤት በምን ይተዳደራል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይነሣል። በሕግ ዐይን ግን ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ለሁለተኛው የተሰጠው ጊዜም አጭር ነው።

ቅጣት ሌላ፣ ካሣ ሌላ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። እንደ ሐኪም ወይም እንደ አሽከርካሪ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይሆናል። የሟቾቹ ቁጥር ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ከተጣሰ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ያስከትላል።

መቀጮው የሚገባው ለመንግሥት ነው። ዓላማውም የሟችን ቤተሰብ መካስ አይደለም። አሽከርካሪው በመታሰሩም የሟች ልጆች ቀለብ አያገኙም። ካሣ የሚገኘው በፍትሐ ብሔር ሕግ ተጠይቆ ነው።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚነጣጠሉት በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ተከስክሶ 157 ሰዎች ሞተዋል። አምራቹ ቦይንግ ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር በወንጀል ጉዳይ ስምምነት ካደረገ በኋላም የሟች ቤተሰቦች የካሣ ክስ በቺካጎ ፍርድ ቤት ቀጥሏል። ኩባንያው ለአደጋው ኃላፊነቱን የተቀበለውም በዚሁ የካሣ ክርክር በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው።

የኃላፊነት መሠረት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ ይደነግጋል። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ያንን ጉዳት መካስ እንዳለበት ያስቀምጣል። ጥፋት ሲባል ሆን ብሎ የተደረገውን ብቻ አይመለከትም። ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። ማድረግ የሚገባን ነገር ሳያደርጉ መቅረትም እንዲሁ። የቆፈረውን ጉድጓድ ሳይከድን የተወ ሰው «እኔ ማንንም አልነካሁም» ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም።

ጥፋቱ የሚመዘነው አንድ አስተዋይ ሰው በዚያ ሁኔታ ምን ያደርግ ነበር በሚል ሚዛን ነው። ባለሙያ ሲሆን ሚዛኑ የሙያው ደንብ ነው። ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት አሠሪው፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት ደግሞ አባት ኃላፊ የሚሆኑበት ሥርዓት በሕጉ ተዘርግቷል።

ጥፋት ባይኖርም ኃላፊነት አለ

ብዙ ሰው የማያውቀው የሕጉ ክፍል ይህ ነው። ለአንዳንድ ነገሮች ባለቤቱ «አላጠፋሁም» ቢልም ኃላፊነቱ አይቀርለትም።

ተሽከርካሪ፦ በአንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ወይም ባጃጁ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ሲነዳው ጉዳት ቢደርስም ለተጎጂው መካስ አለበት። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ፣ የአንደኛው ወገን ጥፋት ካልተረጋገጠ በቀር፣ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠራል። ሆኖም ከፍሎ የተሳፈረና አጓጓዡ በውል የተሳሰሩ ስለሆኑ ጉዳያቸው የሚታየው በማጓጓዣ ውል ሕግ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪ ትኬቱን መጣል የለበትም።

ከብትና ሌላ እንስሳ፦ በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጠውም ወይም ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም፣ ይጠየቃል። የቤት እንስሳ ሲሆን ግን ሕጉ አንድ መውጫ ትቶለታል። ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። ይህን ማድረግ የሚችለው ጉዳቱ በራሱ ወይም እርሱ በሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ያልደረሰ ሲሆን ብቻ ነው። የሚዋጋ መሆኑን እያወቀ በሬውን የለቀቀ ሰው አጥፍቷልና በሬውን አስረክቦ ነፃ ሊሆን አይችልም። ተዋጊነቱ በታወቀና ባልታወቀ በሬ መካከል ልዩነት ማድረግ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21ም ስላለ ለደገኛው አርሶ አደር እንግዳ ሐሳብ አይደለም።

ቤትና አደገኛ ሥራ፦ ቤት ወይም ግንብ ተደርምሶ ለሚያደርሰው ጉዳት የሕንፃው ባለቤት ኃላፊ ነው። ፈንጂ ወይም መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት፣ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ለሚደርስ ጉዳትም አንቀጽ 2069 ሥራውን የሚያካሂደውን ወገን ኃላፊ ያደርጋል። ሥራውን የሚያካሂደው መንግሥት ወይም ፈቃድ ያለው ድርጅት መሆኑ ኃላፊነቱን አያስቀርም።

በነዚህ ጉዳዮች ሁሉ ዋናው መከላከያ የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት ከደረሰ ካሣው በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ካሣ የሚጠይቀው ማን ነው?

ተጎጂው በሕይወት ካለ ጠያቂው ራሱ ነው። ከሞተ ደግሞ አንቀጽ 2095 መብቱን ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጆችና ለተወላጆች ይሰጣል። እነዚህ ሰዎች በሟቹ ሞት ለቀረባቸው ጥቅም በራሳቸው ስም ካሣ ይጠይቃሉ። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ሟቹ በተግባር ይረዳቸው እንዳልነበረ ቢታወቅም ጥያቄያቸው ውድቅ አይሆንም።

ወንድምና እህት በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። በታላቅ ወንድሙ ርዳታ ይማር የነበረ ልጅ ለቀረበት ድጋፍ በዚህ አንቀጽ ካሣ ሊጠይቅ አይችልም። ታናናሾችን ታላቅ ወንድም ማሳደጉ በተለመደበት አካባቢ ይህ የሕጉ ጥብቅ ገጽታ ነው።

መጠኑ እንዴት ይሰላል?

በአንቀጽ 2091 መሠረት ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። የሕክምና፣ የመጓጓዣና የቀብር ወጪ፣ የተቋረጠ ገቢ፣ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳትም በስሌቱ ይገባሉ። ተጎጂው በራሱ ገንዘብ የገባው መድን ቢኖረውም ካሣ የመጠየቅ መብቱ አይቀርም።

የደመወዝ ወረቀት የሌለው አርሶ አደር ገቢውን በምን ያስረዳል? የይዞታ መጠኑን በመሬት ማረጋገጫ ደብተሩ፣ ያመርት የነበረውን በቀበሌ ማስረጃና በጎረቤት ምስክር ማሳየት ይችላል። ልኩን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል።

ለማስረዳት ያህል፣ አንድ የ40 ዓመት አርሶ አደር ከድንች፣ ከገብስና ከከብት እርባታ ወጪው ተቀንሶ በዓመት 90,000 ብር ያገኝ ነበር እንበል። ለራሱ ያውለው የነበረው ሲሦው፣ ማለትም 30,000 ብር፣ ሲቀነስ ለቤተሰቡ 60,000 ብር ይቀራል። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ተብሎ ከተገመተ የ20 ዓመቱ ድምር 1,200,000 ብር ይደርሳል። ዳኛው እንደ ማስረጃው ከዚህ ዝቅ ወይም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሕጉ በሞት ጊዜ ይህን ካሣ በቀለብ መልክ እንዲከፈል ያዛል።

ለኀዘንና ለሥቃይ የሚሰጠው የሞራል ካሣ ግን እጅግ ትንሽ ነው። አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። ጣሪያው በ1952 ዓ.ም. የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ዋና ትኩረቱን በቀረ ገቢና በወጪ ማስረጃ ላይ ማድረግ ይኖርበታል።

የሦስተኛ ወገን መድን የካሣው ጣሪያ አይደለም

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይችልም። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ወስኖ ነበር። መጠኑ የሚሻሻል ስለሆነ ጠያቂው በጊዜው የሚሠራበትን ከመድን ድርጅቱ ማረጋገጥ አለበት። አዋጁ ለተጎጂው የአስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥም ያስገድዳል። ገጭቶ ያመለጠው ተሽከርካሪ ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ለተጎጂዎች የሚከፈለው ለዚሁ ከተቋቋመው የመድን ፈንድ ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ መድን ድርጅቱ የሚከፍለው እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። የደረሰው ጉዳት ከዚያ ከበለጠ ቀሪው የሚጠየቀው ከተሽከርካሪው ባለቤት ነው። ከላይ በቀረበው ምሳሌ 40,000 ብር ተቀብሎ ጉዳዩን የዘጋ ቤተሰብ 1,160,000 ብር ሳይጠይቅ ቀርቷል ማለት ነው።

ሽምግልናና የሚፈረመው ወረቀት

በደቡብ ጎንደር ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ደም ማድረቃቸው የቆየ ሥርዓት ነው። ቂምን አስቀርቶ ተጨማሪ ደም እንዳይፈስ ስለሚያደርግ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሕጉም ወገኖች በካሣው ላይ እንዳይስማሙ አይከለክልም። ዕርቁ ግን በቸልተኝነት ሰው በመግደል የቀረበን የወንጀል ክስ አያስቀርም።

ጥንቃቄ የሚያሻው በሚፈረመው ወረቀት ላይ ነው። «ካሣዬን ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ጽሑፍ ፈራሚውን ያስራል፤ በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርብ መቃወሚያ ይሆናል። በኀዘን ሳምንት፣ የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ፣ ለቀብር ማስፈጸሚያ በተሰጠ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ቃል መፈረም አይገባም። ለቀብር ወይም ለሕክምና ርዳታ የሚቀበል ሰው ገንዘቡ የካሣው ከፊል ክፍያ መሆኑን፣ ቀሪውን የመጠየቅ መብቱም እንደተጠበቀ በጽሑፍ ቢያስቀምጥ ዕርቁም ሳይፈርስ መብቱም ሳይጠፋ ይቆያል። አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ድርሻ የሚነካ ስምምነት ደግሞ በፍርድ ቤት ቢጸድቅ ይመረጣል።

የሁለት ዓመት ይርጋ

በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨ ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ ከወሰነ ያ ይጸናል። ይሁን እንጂ ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ ራሱ ሊያከራክር ስለሚችል ሁለቱን ዓመት ማክበር ይሻላል። የሽምግልናው ቀጠሮ መራዘሙ ብቻውን ይርጋውን ያቆማል ብሎ መተማመንም አይገባም።

የወንጀሉን ፍርድ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። ተጎጂው በወንጀል ችሎቱ የካሣ ጥያቄ ሊያቀርብ ወይም ለብቻው የፍትሐ ብሔር ክስ ሊመሠርት ይችላል። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ በአንቀጽ 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

ማስረጃና ማመልከቻ

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሰብሰብ ያለባቸው የሚከተሉት ናቸው፦

• የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ንድፍ፣ የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቁጥር፣ የመድን ድርጅቱ ስም፤
• የሐኪም ማስረጃ፣ የሞት ሲሆን የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የአካል ጉዳት ሲሆን የጉድለቱን መጠን በመቶኛ የሚገልጽ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ፤
• የሕክምና፣ የመድኃኒትና የመጓጓዣ ደረሰኞች፤
• የጋብቻና የልጅነት ማስረጃ፣ ለሕፃናት ደግሞ የሞግዚትነት ማረጋገጫ፤
• የገቢ ማስረጃና አደጋውን ያዩ ሰዎች ስምና አድራሻ።

ክሱ እንደ ገንዘቡ መጠን ለወረዳ ወይም ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አረጋግጦ ሳይከፍል እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዲሁም ከወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ምክር መጠየቅ ይችላል። ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ላይ ከሆነ ጉዳዩ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለሚታይ አካሄዱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ካሣ የሞተውን አይመልስም፣ የጎደለውንም አካል አይተካም። ሕጉ የሚያደርገው በአንድ ሰው ቸልተኝነት የመጣው ጉዳት በሟች ልጆች ላይ ብቻ ወድቆ እንዳይቀር ሸክሙን ወደ ኃላፊው ማዞር ነው። ይህም የሚሆነው መብቱ በጊዜው ሲጠየቅ ነው።