«የተሰወረው ጥበብ» እና የአድያሩ ብላቴና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ሦስተኛ ዓይን»፣ «የንቃት ደረጃ»፣ «የተሰወረ ኃይልን ማንቃት» የሚሉ አነጋገሮች ዛሬ በብዙ ወጣቶች ስልክ ላይ ይመላለሳሉ። ብዙዎቻችን ከጥንት ምሥራቅ ሳይለወጡ የወረዱ ይመስሉናል። በዛሬው መልካቸው ተቀነባብረው ወደ ዓለም እንዲሠራጩ ትልቅ ድርሻ ያለው ግን የቴኦሶፊ ማኅበር ነው።

ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1875 በኒው ዮርክ የመሠረቱት ሩሲያዊቷ ሄሌና ብላቫትስኪ፣ አሜሪካዊው ኮሎኔል ሄንሪ ኦልኮት፣ የሕግ ባለሙያው ዊልያም ጃጅና ባልንጀሮቻቸው ናቸው። ስሙ በጽርዕ «የአምላክ ጥበብ» ማለት ነው። በኋላም መቀመጫቸውን በሕንድ፣ በማድራስ አጠገብ በምትገኘው አድያር አደረጉ። እንደ ትምህርታቸው ሃይማኖቶች ሁሉ ከአንድ ስውር ጥበብ የተቀዱ ናቸው፤ ሰውም ከግዙፉ ሥጋ እስከ ረቂቁ መንፈስ ሰባት ክፍሎች አሉት፤ ነፍስ ደጋግማ እየተወለደች በገዛ ጥረቷ ትልቃለች። ይህን ጥበብ የሚጠብቁ ስውራን «መምህራን» እንዳሉና ደብዳቤም እንደሚልኩ ይነገር ነበር። በ1885 በለንደን የሚገኝ የምርምር ማኅበር ደብዳቤዎቹ የብላቫትስኪ ሥራ ናቸው ብሎ ደመደመ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ማኅበር መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ደግሞ የምርመራውን አካሄድ ነቀፈ።

ስለ ደብዳቤዎቹ ክርክሩ ቢቀጥልም፥ ትምህርቱ በሰው ሕይወት ላይ ያደረገውን በአንድ ብላቴና ታሪክ እናያለን። በ1909 ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የሆነው ቻርልስ ሌድቢተር በአድያር የባሕር ዳርቻ የ14 ዓመቱን ጂዱ ክሪሽናሙርቲን አየና የነፍሱን ብርሃን ተመለከትሁ አለ። ብላቴናው ለሚመጣው «የዓለም መምህር» ማደሪያ እንዲሆን ታጨ። በ1911 በዙሪያው «የምሥራቅ ኮከብ» የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። አባቱ ልጆቹን ለማስመለስ የማኅበሩን ፕሬዚዳንት አኒ ቤዛንትን ከሰሰ፤ በማድራስ ቢፈረድለትም በለንደን በይግባኝ ተረታ። ክሪሽናሙርቲ ግን በ1929 በሆላንድ፣ በኦመን፣ በብዙ ተከታዮቹ ፊት ማኅበሩን አፈረሰ።

አስተውሉ፤ የነፍሱን ብርሃን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባት እንኳ መርምሮ «አይደለም» ሊል አልቻለም። ዕውቀት ለጥቂቶች ብቻ ሲሰወር፥ የሚመራው ሰው የመሪውን ቃል የሚፈትንበት ሚዛን ያጣል። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ሄሬኔዎስ «ስውር ዕውቀት አለን» ያሉትን ግኖስቲኮች ሲሞግት፥ ሐዋርያት ለተተኪዎቻቸው ያስተማሩት በአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በግልጥ የሚሰበከውን ነው ብሎ ያስረዳው ስለዚህ ነው።

ታዲያ በእኛ ዘንድ መንፈሳዊ ዕድገት የለምን? አለ እንጂ። አበው ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና በማለት ዐሥር መዓረጋትን ያስተምራሉ። ነገር ግን ወደ እነዚህ የሚያደርሰው መንገድ ለሁሉ የታወቀ ነው፤ ጾም፣ ጸሎት፣ ንስሐ፣ ምጽዋት፣ ቅዱስ ቁርባን ነው። ከመዓረጋቱ መካከል አንዱ አንብዕ ማለትም ዕንባ መሆኑን ልብ በሉ፤ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ይበልጥ ያለቅሳል እንጂ ራሱን አይሾምም። በቴኦሶፊ ክርስቶስ ብዙ ደረጃ የወጣ መምህር ነው፤ በእኛ እምነት ግን እኛን ለማውጣት የወረደ አምላክ ነው። ስለዚህ ዕድገታችን በጸጋው እንጂ በስውር ብልሃት አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ነገ አንድ ሰው «ሌሎች የማያዩት ደረጃ በአንተ ላይ ይታየኛል» ቢላችሁ፥ ያንን የአድያር ብላቴናና አባቱን አስቡ። ነገሩንም ይዛችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ እውነት ከሆነ መመርመርን አይፈራምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።