ንባብና ትርጓሜ በቻይና መካከለኛ ትምህርት ቤቶች፤ የእንግሊዝኛ ንባብ ትምህርት ታሪክ

የአገራችን የቤተ ክህነት ሊቃውንት ንባብን ከትርጓሜ ለይተው ያስተምራሉ። ፊደሉን ለይቶ ቃሉን በተገቢው ድምፅ ማሰማት አንድ ሙያ ነው፤ የተነበበው ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሙያ ነው። ይህን ልዩነት በልቡናው የያዘ አንባቢ፥ ከእኛ እጅግ ርቆ በሚገኝ አገር የተነሣውንና እስከ ዛሬ ያልተቋጨውን አንድ የትምህርት ክርክር በቀላሉ ይረዳዋል፤ ይኸውም የቻይና መካከለኛ ትምህርት ቤት ተማሪ እንግሊዝኛ ሲያነብ አሳቡን ያስተውላል ወይስ ቃሉን ብቻ ይፈታል የሚለው ነው።

በተማሪው ላይ አዘውትሮ የሚሰነዘረው ነቀፋ የታወቀ ነው። ብዙ ቃል ያጠናል፥ ሰዋስው ያውቃል፥ ምንባቡን በቃሉ ይወጣዋል፤ ነገር ግን የጸሐፊውን አሳብ ጠቅልለህ ተናገር ቢሉት ይቸግረዋል ይባላል። ነቀፋው በከፊል እውነት አለው። ምክንያቱን ግን በተማሪው ስንፍና ወይም በመምህሩ ጉድለት ላይ ብቻ የሚጥል ሰው ታሪኩን አልመረመረም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ልማዱ ከሁለት ምንጮች የተቀዳ መሆኑን ነው። አንደኛው ቻይናውያን የራሳቸውን ጥንታዊ መጻሕፍት ያነቡበት የነበረው ሥርዓት ነው፤ ሁለተኛው መንግሥት በየዘመኑ በእንግሊዝኛ ንባብ ላይ የጫነው ግዳጅ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጥንቱ የንባብ ሥርዓት

በቀድሞው የቻይና ትምህርት ቤት ሕፃኑ በመጀመሪያ የሚይዘው «የሦስት ፊደል መጽሐፍ» እና «የሺህ ፊደል መጽሐፍ» የሚባሉትን አጫጭር ድርሰቶች ነበር። መምህሩ ያነባል፤ ሕፃኑ ይከተላል፤ ደጋግሞ ካጠና በኋላ ጀርባውን ለመምህሩ ሰጥቶ ቆሞ በቃሉ ያሰማል። በቃል መውጣትን የሚያመለክተው የቻይናውያን ፊደል ራሱ «ጀርባ» ተብሎ የሚነበበው ነው። የንባቡ ምሥጢር በሰፊው የሚገለጸው ግን ቆይቶ፥ ቃሉ በልጁ ኅሊና ከተቀረጸ በኋላ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ አራቱ መጻሕፍት የሚባሉት የኮንፊውሽየስ ትምህርት መሠረቶች ይመጣሉ። በእነዚህ ላይ ሊቁ ዡ ሺ (1130–1200) የጻፈው ሐተታ ከ1313 ዓዋጅ ጀምሮ ለመንግሥት ሹመት የሚያበቃው ፈተና መለኪያ ሆኖ፥ ጥቂት ለውጦች ቢደረጉበትም፥ እስከ 1905 ኖሯል። ዡ ሺ ለተማሪዎች የሰጠው ምክር ጥቂት አንብበው ያንኑ ደጋግመው እንዲያበስሉት ነበር። በተጨማሪም ጥንታዊው ጽሑፍ ነጥብ አልነበረውም። ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያበቃ ለይቶ ምልክት ማድረግ የተማሪው ሥራ ስለ ነበረ፥ ዐረፍተ ነገርን መክፈል የትርጓሜ የመጀመሪያ ደረጃ ሆኖ ይቈጠር ነበር። እንግዲህ መልካም አንባቢ የሚባለው ብዙ ገጽ የሚገልጠው ሳይሆን፥ ጥቂቱን ገጽ ከነሐተታው በልቡ የያዘው ነበር። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቻይና ሲገባ የተቀበለው ይህ ልማድ ነው።

ከወደብ ቋንቋ ወደ ውል ቋንቋ

እንግሊዝኛ በቻይና አስቀድሞ የተሰማው በመጽሐፍ ሳይሆን በገበያ ነበር። ከ1757 እስከ 1842 ምዕራባውያን በባሕር የሚያካሂዱት ንግድ በካንቶን ወደብ ብቻ ተወስኖ ስለ ነበረ፥ በዚያ ፒጅን የተባለ የተደባለቀ የንግድ ቋንቋ ተፈጠረ። ነጋዴዎቹ የሚማሩባቸው ትንንሽ መጻሕፍት የእንግሊዝኛውን ቃል ድምፅ በካንቶን አነጋገር በሚነበቡ የቻይና ፊደሎች ይጽፉት ነበር እንጂ አንድም የላቲን ፊደል አልነበረባቸውም። በዚህ መንገድ የተማረው ነጋዴ ስለ ሻይና ስለ ሐር ዋጋ ይከራከራል፤ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ቢሰጡት ግን አንዲት መስመር አያነብም። ዛሬ የሚነቀፈው ተማሪ ግልባጩ ነው ማለት ይቻላል።

ፊደሉን ከነመጽሐፉ ያስተማሩት ሚሲዮናውያን ናቸው። በ1807 ካንቶን የደረሰው ሮበርት ሞሪሰን ከ1815 እስከ 1823 ባለው ጊዜ ትልቁን የቻይንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በማካው አሳተመ። በ1839 በእርሱ መታሰቢያ በማካው ከተከፈተው ትምህርት ቤት የወጣው ዩንግ ዊንግ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1854 ከዬል ኮሌጅ ተመረቀ። ይሁን እንጂ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንትም ትምህርቱን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም።

ነገሩን የለወጠው ጦርነት ነው። በ1858 በቲያንጂን ከእንግሊዝ ጋራ የተደረገው ውል በ50ኛው አንቀጽ የእንግሊዝ መልእክተኞች ለቻይና ሹማምንት የሚልኩት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እንዲሆን፥ ለጊዜው የቻይንኛ ትርጕም እንዲያያዝለት፥ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢገኝ ግን እውነተኛው ትርጕም በእንግሊዝኛው ያለው እንዲሆን ደነገገ። ከዚህ ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው የሌለው መንግሥት የገባበትን ውል ትርጕም ከባላጋራው አፍ ለመስማት የሚገደድ ሆነ። ስለዚህ ልዑል ጎንግ ያቀረበው አሳብ ተፈቅዶ በ1862 ቶንግዌን ጓን የተባለው የቋንቋ ትምህርት ቤት በቤጂንግ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከማንቹ ሠራዊት ቤተሰቦች የተመረጡ 10 ልጆች ነበሩ፤ መምህራቸውም ጆን በርደን የተባለ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ሲሆን፥ ሃይማኖት እንዳይሰብክ በቅድሚያ ተነግሮት ነበር።

በ1876 የወጣው የስምንት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የትምህርት ቤቱን ዓላማ በግልጽ ያሳያል። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው ፊደልና ቃል ይለያል፥ ቀላል መጽሐፍም ይፈታለታል፤ በሁለተኛው ሰዋስው እየተለማመደ አጫጭር ጽሑፎችን ይተረጕማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከታሪክ፥ ከሒሳብና ከሌሎች ዕውቀቶች ጋራ እየተያያዘ ወደ መጽሐፍ ትርጕም የሚያደርስ ነው። በዚህ ስፍራ ማስተዋል ማለት መተርጐም ነበር። እንግሊዝኛውን በትክክለኛ ቻይንኛ የመለሰ ሰው አስተውሏል ይባላል፤ ከዚህ ሌላ መለኪያ አልነበረም፤ ለውል አንባቢም ይህ መለኪያ የሚያሳፍር አልነበረም።

ሁለት ንባብ በአንድ ክፍል

በ1904 የታወጀው የትምህርት ደንብ እንግሊዝኛን ከአስተርጓሚዎች ቤት አውጥቶ ወደ መካከለኛው ትምህርት ቤት አስገባው። በደንቡ መሠረት መካከለኛው ትምህርት 5 ዓመት ሲሆን፥ በሳምንት ካለው 36 ሰዓት 9ኙ ለጥንታዊ መጻሕፍት፥ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 8ቱ ለውጭ አገር ቋንቋ ተመደበ። ስለዚህ ያው ልጅ በአንድ ቀን የኮንፊውሽየስን መጽሐፍ በቃሉ ያሰማል፥ ቀጥሎም የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ይገልጣል። የመጀመሪያውን ንባብ የተማረበትን ዘዴ ለሁለተኛው ቢያውለው ሊያስደንቀን አይገባም።

የመጽሐፉም አሠራር ይህንኑ ያግዝ ነበር። በ1897 በሻንጋይ የተቋቋመው የንግድ ማተሚያ ቤት በ1898 ለሕንድ ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መጀመሪያ መጽሐፍ ወስዶ ሺዬ ሆንግላይ የቻይንኛ ፍቺና ማብራሪያ ካከለበት በኋላ አሳተመው፤ ገበያውም ደራ። የውጭው ጽሑፍ ከነሐተታው በአንድ ገጽ ሲቀርብ፥ ለቻይናው ተማሪ መልኩ ከአራቱ መጻሕፍት እጅግ የራቀ አልነበረም።

በዚያው ዘመን የንባብ ክብር ከፍ ብሎ ነበር። በእንግሊዝ አገር የባሕር ኀይል ትምህርት የተማረው ያን ፉ በ1898 የቶማስ ሃክስሊን መጽሐፍ ተርጕሞ ሲያወጣ፥ ለመልካም ትርጕም ታማኝነት፥ ግልጽነትና ውበት ያስፈልጋሉ ብሎ በመቅድሙ ጻፈ። በአንጻሩ ሊን ሹ አንድም የውጭ ቋንቋ ሳያውቅ፥ ረዳቶቹ እያነበቡ ሲነግሩት እርሱ በጥሩ ቻይንኛ እየጻፈ ከ150 በላይ ሥራዎች ተረጐመ። የሊን ሹ ረዳቶች ያነባሉ፤ የሚጽፈው እርሱ ነው፤ ንባብና ትርጓሜ በሁለት ሰው ተከፍለው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የ1922 ሥርዓት መካከለኛውን ትምህርት ሦስት ሦስት ዓመት ባላቸው ሁለት ደረጃዎች ከከፈለው በኋላ፥ የመጻሕፍት ውድድር በረታ። ከ1928 ጀምሮ ካይሚንግ ማተሚያ ቤት ያወጣው የሊን ዩታንግ የእንግሊዝኛ ንባብ መጽሐፍ በሠዓሊው ፌንግ ዚካይ ሥዕሎች የተጌጠ ሲሆን፥ ሰዋስውን ከንግግርና ከተረት ጋራ አዋሕዶ ያቀርብ ነበር። ተማሪው ዐረፍተ ነገሩን ከመክፈሉ በፊት በታሪኩ እንዲማረክ የታሰበበት መጽሐፍ መሆኑ ከቀደሙት ይለየዋል። በ1930 ከሌላ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጋራ በመመሳሰል ምክንያት የተነሣው ክርክር የዚህ ገበያ ጥቅም ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ነበረ ያስረዳል።

የሁለቱ ቋንቋዎች ጠባይ

ከልማድ ሌላ ችግሩ በቋንቋው ጠባይም አለ። በቻይንኛ ጽሑፍ እያንዳንዱ ፊደል በአብዛኛው ትርጕም ያለው ክፍለ ቃል ነው፤ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አይደረግም፤ ስሙ ለብዙ ቍጥር፥ ግሡም ለጊዜ ሲል መልኩን አይለውጥም። ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛ ቃል ጫፍ ላይ የምትጨመረውን ትንሽ ቅጥያ ካልተጠነቀቀ የነገሩን ጊዜ ይስታል።

ከዚህ የሚከብደው ግን የቃላት ቅደም ተከተል ነው። በዚህ ረገድ ቻይንኛ ወደ አማርኛ ይቀርባል። «ትናንት ከሻንጋይ የመጣው መምህር» የሚለውን ሐረግ ቻይናዊው በዚሁ ተራ ይናገረዋል፤ ጊዜው፥ ስፍራው፥ ድርጊቱ ቀድመው መምህሩ በመጨረሻ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ግን መምህሩ ይቀድማል፤ መምጣቱ፥ ሻንጋይና ትናንት ከኋላው ይከተላሉ። ስለዚህ እየተረጐመ የሚያነብ ተማሪ ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው እስከ መጨረሻው ሄዶ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዱን ዐረፍተ ነገር እንዲህ አድርጎ ሲያቃና የአንቀጹ ክር ይበጠስበታል። በነቀፋው ውስጥ ያለው እውነት ይህ ነው፤ ተማሪው እያንዳንዱን ድንጋይ ይለያል፤ ቤቱን ግን አያይም።

ፈተናና ዘመን

ከ1949 በኋላ ቻይና ወደ ሶቪየት ኅብረት በማዘንበሏ ሩስኛ የእንግሊዝኛን ቦታ ያዘ፤ ከ1954 መኸር ጀምሮም በታችኛው መካከለኛ ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋ እንዳይሰጥ ተወሰነ። ሁለቱ መንግሥታት ከተቃቃሩ በኋላ በ1964 የወጣው የሰባት ዓመት ዕቅድ እንግሊዝኛን የመጀመሪያው የውጭ ቋንቋ አደረገው፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ሳይቈይ የባህል አብዮት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። እንደገና ሲከፈቱም የእንግሊዝኛው ምንባብ በአብዛኛው የፖለቲካ መፈክር ትርጕም ነበር፤ አሳቡ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ተማሪው የሚያስተውለው አዲስ ነገር አልነበረውም።

የዚያን ጊዜ ጭንቀት አንድ ኀዘን ይገልጸዋል። በ1973 በሄናን ክፍለ ሀገር በአንድ የገጠር መካከለኛ ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ በእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቷ ላይ፥ ቻይናዊት ስለ ሆነች የውጭ ፊደል እንደማያስፈልጋት የሚገልጹ ጥቂት ስንኞች ጽፋ ሰጠች። በዚህ ምክንያት በተማሪዎች ፊት ከተወቀሰች በኋላ ውሃ ገብታ ሞተች። በዓመቱ ፖለቲከኞች ነገሩን ለትግላቸው መሣሪያ ሲያደርጉት መምህራኗ ታሰሩ። ልጅቱ የተሰጣት ወረቀት የባዕድ ሆኖባት ነበር፤ መምህራኑ ደግሞ አስተምሩ የተባሉትን ያስተምሩ ነበር። አንድ ጊዜ የሕዝብ ክብር መጠበቂያ የነበረው ንባብ፥ በሌላ ጊዜ የሕዝብ ክብር ማቃለያ ሆኖ ታየ።

በ1977 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲመለስ እንግሊዝኛ ቀስ በቀስ ክብሩን አገኘ። ውጤቱ በ1980 30 በመቶ፥ በ1981 50 በመቶ፥ በ1982 70 በመቶ፥ በ1983 100 በመቶ እንዲታሰብ ሆነ። በ1985 በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የተጀመረውና በኋላ ወደ መላው አገር የተስፋፋው ፈተና አጫጭር ምንባቦችን ከባለ አራት ምርጫ ጥያቄዎች ጋራ አቀረበ። ይህ ከትርጕም ፈተና ይልቅ የአሳብ ማስተዋልን ለመለካት የታቀደ በመሆኑ መሻሻል ነበር። ነገር ግን ብልህ ተማሪ ምንባቡን ከማንበቡ በፊት ጥያቄውን ማየት፥ ከጥያቄውም ቃል ይዞ በምንባቡ ውስጥ መፈለግ ተማረ። የቀድሞው ተማሪ ጽሑፉን በሙሉ በልቡ ይይዝ ነበር፤ አዲሱ ተማሪ የተጠየቀውን መስመር ብቻ ያነባል።

መጽሐፉ ግን ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ1990ዎቹ ከእንግሊዙ ሎንግማን ጋራ የተዘጋጀው የታችኛው መካከለኛ ደረጃ መጽሐፍ ሊ ሌይና ሃን ሜይሜይ የተባሉ ልጆችን ኑሮ እየተከተለ ሲያስተምር፥ አንድ ትውልድ እነዚህን ስሞች እንደ ጓደኞቹ ያስታውሳቸዋል። በ2001 እንግሊዝኛ ከአንደኛ ደረጃ 3ኛ ክፍል እንዲጀመር ተመከረ፤ በ2022 የወጣው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ከቋንቋ ችሎታ ጋራ ባህልን ማስተዋልንና ማሰብን የትምህርቱ ግብ አድርጎ አስቀመጠ።

መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው የምንረዳው፥ የቻይናው ተማሪ በየዘመኑ ያነበበው እንደ ተጠየቀው መሆኑን ነው። የውል ቃል ሲጠየቅ ቃል ፈታ፤ በቃል ማሰማት ሲጠየቅ በቃሉ ወጣ፤ ከአራት አንዱን ምረጥ ሲባል መረጠ። የጥንቱ ሥርዓት ትዕግሥትንና ለቃል መጠንቀቅን አውርሶታል፤ ይህ ያለ እርሱ ያን ፉን የመሰለ ሰው ሊገኝ የማይችልበት ሀብት ነው። የጐደለው የንባብ ትጋት ሳይሆን፥ ካነበበ በኋላ «ጸሐፊው ምን አለ? አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ ረገድ የሚደረግ ምርምር ከተማሪው መልስ በፊት የቀረበለትን ጥያቄ ቢመረምር ይበጃል፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለሚያነቡት ለአገራችን ልጆችም ጥያቄው እንግዳ አይደለም።