ዳጉ፦ የአፋር የዜና ሥርዓት

ዳጉ በአፋር አርብቶ አደሮች ዘንድ ሰዎች በመንገድ፣ በውሃ ዳር ወይም በገበያ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን እንዲነጋገሩ ባህል የሚያስገድድበት የዜና ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የጸናው በአገሩ ጠባይ ምክንያት ነው፤ አፋሮች ከርማ የሚሉት የክረምት ዝናብ አንዱን ቀበሌ አጥግቦ ጎረቤቱን ሳይነካ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ግመሎቹን ወዴት እንደሚነዳ የሚያስብ ሰው ከዚያ አቅጣጫ የመጣውን መንገደኛ ሳይሰማ ቢነሳ መንጋው ለጥማት ይዳረጋል።

በወጉ መሠረት የተገናኙት ሰዎች እጅ ተሳስመው ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ከዚያም ዝናቡና ግጦሹ፣ የከብቱ በሽታ፣ የጠፋው ግመል፣ ግጭቱና ዕርቁ፣ የገበያው ዋጋ፣ በአካባቢው የታየው እንግዳ ሰው ሳይቀር ይነሳል። ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ግን የዜናው ምንጭ ነው፤ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ጨምሮ ይናገራል፣ አድማጩም ለሚቀጥለው ሰው ያንኑ ልዩነት ጠብቆ ያደርሳል። ሐሰት የነዛ ሰው በጎሳው ሽማግሌዎች ፊት ይጠየቃል።

አፋሮች የሚኖሩበት የአዋሽ ወንዝ ሸለቆ ሲለወጥ የዳጉ ጉዳይም አብሮ ተለወጠ። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በወንዙ መሻገሪያ አጠገብ የአዋሽን ከተማ ፈጠረ፤ ለአርብቶ አደሩም አዲስ መገናኛ ሆነ። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረና በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ግን የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ተስፋፍተው አፋሮች በበጋ የሚጠጉበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ ወሰዱ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደረሰው ድርቅ በአፋር ላይ የከፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ዳጉ ሣር ያለበትን ይጠቁማል እንጂ የታረሰውን ግጦሽ ሊመልስ አልቻለም።

አሳይታን ተክታ የክልሉ ርዕሰ ከተማ በሆነችው ሰመራም ሆነ በአዋሽ ዛሬ ዜናው በአብዛኛው በሞባይል ይተላለፋል። ስልክ ፍጥነቱን ጨምሯል፤ ሆኖም ፊት ለፊት ተቀምጦ ምንጩን የመመርመሩ ልማድ በቀላሉ የሚዘለለው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች አርብቶ አደሩን መረጃ ተቀባይ ብቻ አድርገው ማየታቸውን ትተው፣ የታየውን ከተሰማው የሚለየውን የዳጉ ደንብ በአሠራራቸው ሊያስገቡት ይገባል።