ከግድግዳው የማይለይ ምስል

ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካበ ቤት ይሠራል። የላሊበላ ጠራቢዎች ግን ዓለቱን ከላይ ወደ ታች እየቀነሱ ሠሩ። እኛም በዚህች አጭር ጽሑፍ ከግድግዳ ጎልቶ የሚወጣ ቅርጽ ከሕንጻው ጋር ያለውን ዝምድና ልንመለከት አሰብን።

በመጀመሪያ ይምርሐነ ክርስቶስን እንውሰድ። በላስታ ዋሻ ውስጥ የታነጸው ይህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ነው። ወደ ላሊበላ ቤተ አማኑኤል ስንመጣ፥ አንዱ ረድፍ ገባ ሌላው ወጣ ብሎ፥ ያው መልክ በዓለቱ ላይ ተቀርጾ እናገኛለን። ወጥ የሆነ ዓለት የእንጨት ማያያዣ አያሻውም። ታዲያ ለምን ተቀረጸ ቢባል፥ ከአክሱም የተወረሰው የግንብ ሥርዓት እንዳይረሳ ነው ብለን እናምናለን።

በቤተ ጎልጎታ ደግሞ ቁመታቸው እንደ ሰው የሆነ ቅዱሳን በግድግዳው ላይ ቆመዋል። ሥርዓቱ ሴቶችን ስለማያስገባ እኅቶቻችን የሚያውቋቸው በወሬና በፎቶግራፍ ነው። እነዚህ ምስሎች ሌላ ቦታ ተሠርተው የተለጠፉ አይደሉም፤ ግድግዳው ራሱ የሰው መልክ ያዘ እንጂ።

ከዘመናዊው ሥራ ጋር ለማነጻጸር በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የየካቲት 12 ሐውልት እንመልከት። ሐውልቱ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት ፋሺስቶች ለፈጁት ሕዝብ መታሰቢያ ሲሆን፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ተሠራ። ቀራጾቹ የዩጎዝላቪያ ሰዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። በዚህ ሥራ ቅርጹ ለብቻው ተዘጋጅቶ ከሐውልቱ ጋር ተጋጥሟል። ድንጋዩ ያለ ምስሉ ቁመት እንጂ ታሪክ ባልነበረው፤ ምስሉም ያለ ድንጋዩ ከአደባባይ ወርዶ የቤት ዕቃ በሆነ ነበር።

ሁለቱም ሕንጻን ይሻሉ፤ ነገር ግን ልዩነት አለ። የስድስት ኪሎው ቅርጽ ቢጎዳ ተነቅሎ ሊጠገን ይቻላል። የቤተ ጎልጎታው ግን ከዓለቱ ተለይቶ የሚሄድበት የለውም፤ ዓለቱ ቢሰነጠቅ ምስሉም አብሮ ይሰነጠቃል። የላሊበላ ዓለት ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ የክረምት ውኃ ይጎዳዋል። አብያተ ክርስቲያናቱን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል፤ መዝገብ ግን ዝናብ አያግድም።

የጥንት ጠራቢዎች ይህን ስላወቁ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር የውኃ መውረጃ ቦይ አብረው ፈለፈሉ። ስለዚህ የቅዱሳኑን ምስል እንጠብቅ ስንል ጣሪያውንና ቦዩንም ጭምር ማለታችን ነው። ወላጆቻችንም ሆኑ እኛ ተማሪዎች በግድግዳው ላይ ስም ከመጫር እንከልክል፤ ከክረምት በፊትም ቦዩ መጠረጉን እንጠይቅ።