ዝግመተ ለውጥ
ዝግመተ ለውጥ (ስም)፦ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተጠራቀመ በረጅም ጊዜ የሚታይ ለውጥ። በሥነ ሕይወት፣ ቻርለስ ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የገነነው ሐሳብ መጠሪያ ነው፤ በፖለቲካ ንግግር የ«አብዮት» ተቃራኒ ሆኖ ይገባል።

«ዝግመት» ከዘገመ የወጣ ነው፤ «ሽማግሌው ወደ ቤታቸው አዘገሙ» ስንል የምንሰማው ያው ግስ ነው። ለወጠ በግእዝ ወለጠ ነበር፤ አማርኛ ፊደላቱን አቀያየረበት፤ ለውጥ የሚለው ቃል ራሱ ተለውጧል ማለት ነው። አሰካኩ እንደ «ቤተ ክርስቲያን» የግእዝ በመሆኑ፣ ሲፈታ «የለውጥ ዝግመት» ይሆናል።

ቃሉ ግን ያዘናጋል፤ ለውጡ ሁሌም አይዘገምም። በአርሲና በባሌ ደጋ ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ፣ ኩብሳ የተባለውን ሌላ ዝርያ በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ከመታው በኋላ፣ በሰፊው ተዘራ። ዲገሉን ከሌላው የዋግ ዓይነት፣ ከግንድ ዋግ፣ የሚጠብቀው በዋናነት አንድ ዘረ መል ነበር። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ያን ዘረ መል ማለፍ የሚችል የዋግ ዘር ብቻውን ሜዳ ያገኛል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. መኸር የሆነውም ይኸው ነው። ከአሰላ በስተሰሜን ባለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያ ማውጣት የማያልቅ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው። በግንድ ዋግ ከተመታ ማሳ የሚወጣ ሰው ሱሪው የጡብ ቀለም ያለው ዱቄት ተቀብቶ ይገኛል፤ ዱቄቱ የፈንገሱ ዘር ነው፣ ከሱሪውም ወደ ቀጣዩ ማሳ ይሻገራል።