የተዘጋ ቤት እስትንፋስ፤ የአትክልት ማሳደጊያን አየር የማደስ ጥበብ ታሪክ

የሰው ልጅ ተክልን ከብርድና ከውርጭ ለማዳን ቤት ሊሠራለት ከተነሣ አያሌ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ዋናው ሐሳብ ሙቀትን መያዝ ነበር። ሙቀትን መያዝ ግን የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። የተያዘው ሙቀት መውጫ ያጣ እንደሆነ፣ ለተክሉ መጠለያ ይሆን ዘንድ የተሠራው ቤት መቃብሩ ይሆናል። ዛሬ በመኖሪያ ቤት ማዕዘን በምትተከል ትንሽ የአትክልት ማሳደጊያ ድንኳን ውስጥ መብራቱን አብርቶ የማራገቢያውን ነገር የዘነጋ ሰው የሚደርስበት ኪሣራ፣ በቀድሞዎቹ የመስተዋት ቤቶች ባለቤቶች ላይ ከደረሰው የተለየ አይደለም። ስለዚህ የትኛው ማራገቢያ ለየትኛው ቤት ይስማማል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደተረከው፣ ለጢባርዮስ ቄሣር ገበታ የሚቀርበው ኪያር በመንኰራኵር ላይ በተሠራ መደብ ይበቅል ነበር። ፀሐይ ስትወጣ መደቡ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ብርድ ሲመጣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ ወደ ተሸፈነ መጠለያ ይመለሳል። በዚህ ዘዴ ተክሉ ራሱ ወደ አየሩ ይሄዳል እንጂ አየሩ ወደ ተክሉ አይመጣም ነበር። ችግሩ የተከሠተው ተክሉ ከነቤቱ በአንድ ቦታ ሲጸና ነው።

የችግሩን ምንነት በሚዛን ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ነበር። ሄልስ አንድ ሜትር ያህል ቁመት ያለውን ሱፍ በማሰሮ ተክሎ፣ የማሰሮውን አፍ በእርሳስ ዝርግ ደፍኖ ጧትና ማታ ይመዝነው ጀመር። በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጠው፣ ያ አንድ ተክል እጅግ ሞቃትና ደረቅ በሆነ ቀን በ12 ሰዓት ውስጥ ወደ 850 ግራም የሚጠጋ ውኃ በላበት መልክ አውጥቷል። እንግዲህ በአንድ የተዘጋ ክፍል ብዙ ተክሎች ቢሰበሰቡ አየሩ ምን ያህል እርጥበት እንደሚሸከም መገመት አያዳግትም። እርጥቡ አየር በቆመበት ሁሉ ሻጋታ ይነግሣል፤ ቅጠሉም ላበቱን ማስወጣት ሲሳነው ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል።

የሚያስደንቀው ነገር፣ የተክልን ላበት የመዘነው ይኸው ሰው አየርን የማንቀሳቀሻ መሣሪያም መፈልሰፉ ነው። የሄልስ መሣሪያ ከአንጥረኛ ወናፍ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል ሰሌዳና በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ መዝጊያዎች ነበሩት። የተሠራውም ለመርከቦች፣ ለሆስፒታሎችና ለወህኒ ቤቶች ነበር። በ1752 በለንደን ኒውጌት ወህኒ ቤት ላይ በነፋስ ወፍጮ የሚሠራ ዓይነቱ ተተከለ። ሥራውን ካከናወኑት ሠራተኞች አያሌዎቹ በወህኒው ትኩሳት ተያዙ። ያ ትኩሳት በቅማል የሚተላለፍ መሆኑ የታወቀው በ1909 ስለሆነ፣ በዚያን ዘመን ጥፋቱ ሁሉ የታፈነው አየር ነው ይባል ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1736 ጆን ዴሳጉሊየር ለእንግሊዝ ፓርላማ ክንፎች ያሉት የሚሽከረከር መንኰራኵር ሠርቶ ነበር። መንኰራኵሩን በእጁ የሚያዞረው ሰው «ቬንቲሌተር» ይባል ስለነበረ፣ ዛሬ የመሣሪያው መጠሪያ የሆነው ስም በፊት የሰው የሥራ ስም ነበረ ማለት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት የመስተዋት ቤት ገነነ። በ1816 ጄምስ ኪውሊ ሙቀት ሲጨምር መስኮትን በራሱ የሚከፍት መሣሪያ አቀረበ። በ1845 በብሪታንያ የመስተዋት ቀረጥ ሲነሣ ሠፋፊ ቤቶችን መሥራት ቀለለ። የአትክልት ቤት በመሥራት የሠለጠነው ጆሴፍ ፓክስተን ለ1851 የለንደን ኤግዚቢሽን ታላቁን የመስተዋት አዳራሽ ሲነድፍ፣ በግድግዳው ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ ተደራራቢ ሰሌዳዎችን አደረገ፤ ጣሪያውንም በሸራ አስጋረደ። መሠረታዊው ሕግ ግልጽ ነበር፤ ሞቃት አየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ መውጫው ከላይ፣ መግቢያው ከታች ይሁን። ይህ ሕግ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲመጣ የነፋስ ጥበቃ ቀረ። በ1882 ሽይለር ዊለር በኤሌክትሪክ የሚዞር ባለሁለት ክንፍ ማራገቢያ ሠራ። በህንድ በሻይ ተክል ሥራ ላይ የነበረውና በኋላ በቤልፋስት ፋብሪካ ያቋቋመው ሳሙኤል ዴቪድሰን ደግሞ የሻይ ቅጠል ለማድረቅ ሲደክም፣ ክንፎቹ ወደ ፊት ያዘነበሉ፣ አየርን ከመሐል ስቦ ወደ ዳር የሚወረውር ማራገቢያ አስገኘ፤ በ1898ም የፈጠራ መብቱን አስከበረ። የእነዚህ ሁለት ዓይነቶች ልዩነት ለዛሬው ተጠቃሚ ታላቅ ትርጉም አለው። ባለክንፉ ክፍት በሆነ ቦታ ብዙ አየር በጥቂት ኃይል ይገፋል፤ ረጅም ቱቦ ወይም ሽታ የሚያስቀር የከሰል ማጣሪያ የተደቀነበት እንደሆነ ግን ይደክማል። ከመሐል ወደ ዳር የሚወረውረው እንዲህ ያለውን እንቅፋት ተቋቁሞ ያሳልፋል።

በ1948 በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ኤመሪ ኤመርት ከመስተዋት ይልቅ በፕላስቲክ የተሸፈነ ቤት ሠራ። በ1949 ፍሪትስ ዌንት በካሊፎርኒያ ሙቀቱና ብርሃኑ በሰው ትእዛዝ የሚመራ የተክል ምርምር ቤት አስከፈተ። ቲማቲም ፍሬ ይይዝ ዘንድ ሌሊቱ ከቀኑ ቀዝቀዝ ሊል እንደሚገባ ያስረዳው ይኸው ዌንት ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ወገን እርጥብ መጋረጃ፣ በሌላው ወገን ማራገቢያ የተደረገበት የማቀዝቀዣ ዘዴ ተስፋፋ። የውኃው ትነት ሙቀትን ስለሚወስድ ዘዴው በደረቅ አገር እጅግ ይሠራል፤ እርጥበት በበዛበት የባሕር ዳርቻ ግን ጥቅሙ ያንሳል። ውኃ ወይም የማቀዝቀዣ ሞተር ያልታከለበት ማራገቢያ ብቻውን ቤቱን ከሚያስገባው አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም።

ይህ ሁሉ ታሪክ በትንሿ ድንኳን ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። ጎንና ጎኗ 1.2 ሜትር፣ ቁመቷ 2 ሜትር የሆነች ድንኳን 2.88 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። በተለምዶ «አየሩን በደቂቃ አንድ ጊዜ መለወጥ ይበቃል» ይባላል፤ ይህም በሰዓት 173 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ነገር ግን በውስጧ የ600 ዋት መብራት ቢበራ በሰዓት 2,160,000 ጁል ሙቀት ይፈጠራል። በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለመሞቅ 1,200 ጁል ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የውስጡ ሙቀት ከውጭው ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይበልጥ ከተፈለገ በሰዓት 360 ሜትር ኩብ መውጣት አለበት። ማራገቢያን የሚወስነው እንግዲህ የቤቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚነደው ኃይል ነው።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ክብደቱም የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚሸከመው ሙቀት ወደ 900 ጁል ስለሚወርድ፣ ለዚያችው ድንኳን የሚያስፈልገው በሰዓት 480 ሜትር ኩብ ይሆናል። በደቂቃ አንድ ጊዜ የሚለውጠው ማራገቢያ ቢተከልላት፣ የግድግዳውና የላበቱ ድርሻ ሳይታሰብ፣ የውስጡ ሙቀት ከውጭው በ14 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ውጭው 24 ዲግሪ በሆነበት ቀን ውስጡ 38 ደረሰ ማለት ነው። በባሕር ወለል የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ አምኖ የገዛ ሰው ሰብሉ ሲጠወልግ መሣሪያውን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የስሌቱ ነው።

በአንጻሩ ከፍታው በረከትም አለው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ አካባቢ የተስፋፉት የጽጌረዳ ቤቶች በአብዛኛው በጣሪያና በጎን ክፍተት በሚገባ ነፋስ ይተነፍሳሉ። የደጋው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ፓክስተን የተጠቀመበት ጥንታዊ ዘዴ በዚህ ምድር ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። እንዲህ ያለው ነፋስ የማይደርሳት፣ በክፍል ውስጥ የታጠረችው ድንኳን ብቻ ናት ማራገቢያን የግድ የምትጠይቀው።

ሄልስ ሱፉን ጧትና ማታ የመዘነው በግምት መናገርን ስላልወደደ ነበር። የሙያው ልጆች ከእርሱ የሚወርሱት ወናፉን ሳይሆን ሚዛኑን ነው። ሙቀቱን ሳይለካ፣ የአገሩን ከፍታ ሳያስብ ማራገቢያ የሚመርጥ ባለሙያ ለተክሉ ቤት ሠራ እንጂ እስትንፋስ አልሰጠውም።