ውሻ ሸላቿና ያልተጻፈው ሙያዋ

ከፓሪስ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሴን ወንዝ ዳር፣ አስኒየር በተባለች ከተማ የውሾች መቃብር አለ። የተከፈተው በ1899 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካቋቋሙት ሰዎች አንዷ ማርግሪት ዱራን ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ላ ፍሮንድ የተባለውን በሴቶች የሚዘጋጅ ዕለታዊ ጋዜጣ የመሠረተች ጋዜጠኛ ነበረች። በሩ አካባቢ የባሪ ሐውልት ቆሟል፤ በአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የሰው ሕይወት በማትረፍ ስሙ የተነሣ ውሻ ነው፣ ሕፃን ጀርባው ላይ አዝሎ ተቀርጿል። የሲኒማው ሪን ቲን ቲንም ያረፈው እዚያው ነው። መቃብሩን የሞሉት ግን ዝና ያልነበራቸው የቤት እንስሳት ናቸው፤ ድንጋዮቹ የውሻውን ስምና የባለቤቱን ሐዘን ይናገራሉ። ሦስተኛ ወገን የለም። ውሻው በሕይወት ሳለ ፀጉሩን ስትከረክም፣ ጥፍሩን ስትቆርጥ፣ ጆሮውን ስታጸዳ የኖረችው ሴት በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አልተሰጣትም።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያለች ሴት ድንገት ስትሞት ሐዘኑ ቤተሰቧ ዘንድ ብቻ አይቀርም። ለዓመታት ውሻቸውን እየያዙ ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎች ወዳጅ እንደሞተባቸው ያለቅሳሉ፤ እውነትም ወዳጅ ሞቶባቸዋል። ስለ እሷ ሲናገሩ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ነገር ነው፦ ውሻ ትወድ ነበር። ይህ ሐሰት አይደለም። ሆኖም የዚህን ሙያ ታሪክ ላየ ሰው፣ ሸላቿ ሁለት ጊዜ የተሸፈነች ሴት ናት። ድሮ ሥራዋ የሀብታም ቅንጦት ነው ተብሎ ተሸፈነ፤ አሁን ደግሞ ፍቅር ነው ተብሎ ይሸፈናል። በሁለቱም ጊዜ ከዓይን የራቀው እውቀቷ ነው። እሷን በወጉ ማስታወስ የሚፈልግ ሰው እጇ ምን ያውቅ እንደነበር መናገር አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

ሥራው ሲጀመር ከቅንጦት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ዛሬ ፑድል የምንለው ውሻ ቅድመ አያቶች አዳኝ ያቆሰለውን ዳክዬ ከውኃ እየዋኙ የሚያወጡ የሥራ ውሾች ነበሩ። ጥቅጥቅ ያለው ፀጉራቸው ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ በተለይ የኋላው ክፍል ውሻውን ወደ ታች ይጎትተዋል። እንግሊዛዊው ጀርቬስ ማርካም በ1621 ባሳተመው የአእዋፍ አደን መጽሐፉ ነገሩን እንደ ባለሙያ ይመረምረዋል። ከእምብርት ወደ ኋላ ያለውን ፀጉር መሸለት ለበጋ አደንና ለዋና ተገቢ ነው ይላል። ውሻውን ከእግሩ እስከ አፍንጫው መላጨትን ግን አጥብቆ ይቃወማል፤ ምክንያቱም ተፈጥሮ የሰጠውን መከላከያ ያሳጣዋል፣ ገላው ብርድ የማይችል ይሆናል፣ በመጨረሻም ውኃውን ራሱን ይጠላዋል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የት መቁረጥ እንደሚገባና የት መተው እንደሚያስፈልግ፣ ለምን ወቅትና ለምን ሥራ እንደሆነ በምክንያት የተደገፈ እውቀት ነበረ ማለት ነው። ኋላ የቤተ መንግሥት እመቤቶች መጫወቻ መስሎ የታየው፣ ደረቱ ለምለም ወገቡ የተላጨ ቅርጽ፣ መነሻው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የሚዋኝ እንስሳ ነው።

ሙያው ከሐይቅ ዳር ወደ ከተማ ሲገባ የሚሠሩት ሰዎች ተለወጡ። በፓሪስ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውሻ ሸላቾች የሚገኙት ፖን ኔፍ በተባለው ድልድይ ላይና በሴን ዳርቻ ነበር፤ ጫማ ከሚጠርጉት ጋር ጎን ለጎን ደንበኛ ይጠብቃሉ። ቦታው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከላይ መንገደኛ ያልፋል፣ ከታች ለማጠቢያ የሚሆን ወንዝ አለ። ዕቃቸውን በሚይዙበት ሳጥን ላይ ውሻ እንደሚሸልቱ፣ ድመት እንደሚያኮላሹ፣ ከተጠሩም ቤት ድረስ እንደሚሄዱ ይጻፍ ነበር። ከሸላቾቹ መካከል ሴቶች ነበሩ። ሠዓሊው ጆን ጄምስ ሻሎን የፓሪስን ሰዎች አለባበስና ኑሮ በሣለበት ተከታታይ ሥራው በ1820 እነዚህኑ ሴቶች በሥራቸው ላይ እንዳሉ አሳይቷቸዋል። ሥዕሉ ለእኛ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ሴቶች በዚህ ሥራ ላይ እንደነበሩ በዓይናችን ያሳየናል። ጉድለቱም ያው ነው። ሠዓሊው የሣላቸው የከተማዋ ትዕይንት ስለሆኑ ነውና ሴቶቹ የሙያቸው ምሳሌ ሆነው ቀሩ፤ የሠዓሊው ስም ሲታወቅ የእነሱ አልታወቀም።

የቅንጦት ስም በሕግ ጭምር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንሳይ በ1855 የውሻ ግብር ስታወጣ ውሾቹን ለሁለት ከፈለቻቸው፤ ለደስታና ለአደን የሚያዙት ከፍ ያለ፣ ለጥበቃና ለመሰል ሥራ የሚያዙት ዝቅ ያለ ግብር ይከፈልባቸዋል፤ ግብሩ ከ1 ፍራንክ እስከ 10 ፍራንክ ነበር። መንግሥት ሳሎን ውስጥ የሚኖረውን ውሻ ከሚሠራው ለይቶ ካስቀመጠ በኋላ፣ ያንን ውሻ የምትንከባከበው ሴትም የከንቱ ነገር አገልጋይ ሆና መታየቷ የሚያስገርም አይደለም። ይህ ፍርድ ውሻውን ራሱን አለመጉዳቱ ግን ልብ ይባል። በለንደን ሃይድ ፓርክ በ1881 ቼሪ የተባለች ትንሽ የማልታ ውሻ ተቀበረች፤ ከእሷ ወዲህ ቦታው በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ የመቃብር ድንጋዮች ያሉበት የውሾች መቃብር ሆነ። ውሻው ከፍ ከፍ እያለ ሲሄድ የሸላቿ ደረጃ እዚያው ወንዝ ዳር ቀረ። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ ሉሉን በስም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ሉሉን ያጥብና ያበጥር የነበረውን ሰው ስም ማንስ ጠይቆ ያውቃል?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሙያው ጣራና በር አገኘ። አሜሪካዊው ሊዮ ዋል በ1919 ለኤሌክትሪክ ቶንዶስ የባለቤትነት መብት ማመልከቻ አስገባ፤ ለሰው ፀጉር የተሠራው መሣሪያ ውሎ አድሮ የውሻውንም ሥራ ለወጠው። ከ1960 እስከ 1982 ባሉት ዓመታት ፑድል በአሜሪካ ኬኔል ክለብ መዝገብ አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ይህ ዝርያ ደግሞ ፀጉሩ እንደ ሌሎቹ አይረግፍም፣ ያለማቋረጥ ያድጋል። ስለዚህ በየሰፈሩ በየጥቂት ሳምንቱ ሥራ የሚጠብቅ ሱቅ ተፈጠረ። በ1969 የአገሪቱ ውሻ አስተካካዮች ብሔራዊ ማኅበራቸውን መሠረቱ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ለውጥ ከማሽኑም ከማኅበሩም ይልቅ ይህ መደጋገም ነው። ድልድይ ላይ የምትሸልተው ሴት ውሻውን ምናልባት ሁለተኛ አታየውም። የሰፈሩ አስተካካይ ግን ከቡችላነቱ እስከ እርጅናው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ታገኘዋለች። ወዳጅነቱ የበቀለው ከዚህ ነው፤ ሐዘኑም እንዲሁ።

ማሽኑ የእጅን እውቀት ተካው ብሎ የሚያስብ ካለ አንድ የተጎሳቆለ ውሻ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ይመልከት። ለወራት ያልተበጠረ ፀጉር እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ተገምዶ፣ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ምንጣፍ ይሆናል። ቆዳው በተገመደው ፀጉር ተስቦ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቋጠሮውን በመቀስ ልቁረጥ ያለ ሰው ፀጉር የቆረጠ መስሎት ሥጋ ይቆርጣል። ባለሙያዋ የቶንዶሱን ምላጭ ከቆዳው ጋር ጠፍጣፋ አድርጋ አስተኝታ፣ በሌላው እጇ ቆዳውን ወጥራ፣ ከሥር ትገባለች። ምላጩ ሲሠራ ይግላል፤ ስለዚህ በየመካከሉ ገላዋ ላይ አድርጋ ትለካዋለች። ጥፍርም እንደዚያው ነው። ነጭ ጥፍር ውስጥ ያለው የደም ሥር ይታያል፤ ጥቁር ጥፍር ግን አያሳይም፤ ስለዚህ ስስ ስስ አድርጋ እየቀነሰች፣ የተቆረጠው ፊት መሐል ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ ብቅ ስትል ታቆማለች። ያረጀ ውሻ ዳሌው ስለሚያመው እግሩን የምታነሣው መገጣጠሚያው እስከፈቀደላት ድረስ ብቻ ነው፤ መልሳም ታሳርፈዋለች። ጣቶቿ በመላ ገላው ስለሚሄዱ ባለፈው ጊዜ ያልነበረ እብጠት፣ ከጆሮ የሚወጣ መጥፎ ሽታ፣ የከሳ ወገብ ከባለቤቱ ቀድማ ታገኛለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሊነክስ በሚችል፣ የሚያመውን መናገር በማይችል ፍጡር ላይ ነው።

ውሻ የግቢ በር ጠባቂ በሆነበት አገር ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ተቃውሞ ቢያነሣ አይፈረድበትም፤ ሰው ዳቦ በሚቸገርበት ዓለም ለውሻ ፀጉር ገንዘብ ማውጣት፣ አልፎም ለአስተካካይዋ ሙሾ ማውረድ ጥጋብ አይደለም ወይ? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ሪባን፣ ሽቶና የጥፍር ቀለም ለውሻው የሚጨምሩለት ነገር የለም፤ እነሱን ቅንጦት ብንላቸው አልሳሳትንም። የቀረው ሥራ ግን ሰው ራሱ የፈጠረው ዕዳ ነው። ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻ ያራባው ሰው ነው። በ1989 አውስትራሊያ ውስጥ ዋሊ ኮንሮን የተባለ አራቢ ለአንዲት ዓይነ ስውር ሴት፣ ባሏ ለውሻ ፀጉር አለርጂ ስለነበረበት፣ ላብራዶርን ከፑድል አዳቅሎ መሪ ውሻ አወጣ፤ ዓለም ግን ዝርያውን ለውበቱ ተሻማበት፤ ኮንሮን ራሱ ኋላ ተጸጽቻለሁ ብሏል። እንዲህ ያለውን ውሻ ሳይሸልቱ መተው ማሰቃየት ነው። ለዚህ ከማንም የተሻለ ምስክር የሚሆነው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። በጥር 2021 በኮሮና ምክንያት አገሪቱ ስትዘጋ የሰው ፀጉር ቤቶች ተዘጉ፤ የእንስሳት ፀጉር አስተካካዮች ግን ለውበት ሳይሆን ለእንስሳው ደኅንነት እስከሆነ ድረስ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ማርካም በ1621 ያየውን ልዩነት፣ ማለትም ለእንስሳው የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን መለየትን፣ ወረርሽኙ መንግሥትም እንደገና እንዲያየው አስገደደ።

ሌላው ተቃውሞ ከገንዘብ ይነሣል፤ ተከፍሏት የሠራች ሴት ወዳጅ ልትባል አይገባትም፣ ሐዘኑም የደንበኛ ሐዘን ነው ይላል። ይህን ተቃውሞ የእኛው ባህል ራሱ የሚቀበለው አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት የሚሞላው በዘመድ ብቻ አይደለም፤ ሟቹ በየቀኑ ቡና የሚጠጣበት ቤት አስተናጋጅም፣ ልብሱን የሚሰፋለት ልብስ ሰፊም ይመጣል፤ ማንም ሒሳብ ነበራችሁ ብሎ ከድንኳን አያስወጣቸውም። ክፍያው የአንድ ሰዓት ሥራ ዋጋ ነው። ውሻዬን ትቼልሽ ልሂድ የሚያሰኘው አመኔታ በዓመታት የተገነባ ነው፤ ውሻው መናገር ስለማይችል በሩ ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ባለቤቱ የሚያውቀው ከእሷ ቃልና ከእንስሳው ሁኔታ ብቻ ነው። እያነከሰ የመጣውን ውሻ ዛሬ አልሸልተውም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው ብላ የመለሰች ሴት ያን ቀን ገንዘብ አላገኘችም።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ራሳቸው ሐዘንተኞቹ የሚያነሡት ነው። ፍቅሯንና እውቀቷን ለምን ትለያያለህ? ያለ ፍቅር ማን ንክሻውን፣ የወገብ ሕመሙን፣ የሚሸተውን ውኃ ይችለዋል? ልክ ናቸው፤ ሰውን እዚህ ሥራ ላይ ያቆየው ፍቅር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የተጎሳቆለውን ውሻ ያመጣው ባለቤትም ይወደዋል። ጥቁሩን ጥፍር አድምቶ ውሻውን ለዘለዓለም ያስፈራው ሰውም ሲቆርጥ እየወደደው ነበር። ፍቅር ሁለቱን ካልለየ እሷን የሚለያት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ያንን ሌላ ነገር አለመጥራት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በብሪታንያ ማንኛውም ሰው ያለ ምንም የሙያ ማስረጃ ዛሬ ተነሥቶ ውሻ አስተካካይ ነኝ ብሎ ሱቅ ሊከፍት ይችላል፤ በአሜሪካም የሠራተኛዋን ብቃት የሚጠይቅ የግዛት ፈቃድ የለም። ሥራው የውሻ ወዳጅ የሆነ ሁሉ የሚሠራው ተደርጎ ከታየ፣ መሠልጠን፣ መመዘን፣ የሚገባ ደመወዝ መክፈል ለምን ያስፈልጋል? ሃያ ዓመት የሠራችውና ትናንት የጀመረው እኩል ይቆማሉ፤ የሚጎዳው ጠረጴዛው ላይ ያለው እንስሳ ነው።

በሙያው የቆዩ ብዙዎች ለእያንዳንዱ ውሻ ካርድ ይይዛሉ፤ የምላጩ ቁጥር፣ የመጨረሻው ቀን፣ ማድረቂያውን ይፈራ እንደሆነ፣ የትኛው እግሩ እንደሚያመው። ባለካርዷ ድንገት ስትሞት ደንበኞቿን የሚረከቡት በአካባቢው ያሉ የሙያ ጓደኞቿ ናቸው። ካርዱ ላይ ያለውን ያነባሉ፤ ያልተጻፈውን፣ ለምሳሌ ይህ ውሻ ከመንከሱ በፊት ከንፈሩ በየትኛው በኩል እንደሚንቀጠቀጥ፣ በራሳቸው እጅ እንደገና መማር አለባቸው። ስለ ሟቿ የሚናገር ሰው ይህን ይጥራ፤ ያገኘችውን እብጠት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከገላው ያላቀቀችለትን የተገመደ ፀጉር፣ አልሸልትም ብላ የመለሰችበትን ቀን። ውሻ ትወድ እንደነበር ከዚያ በኋላ ቢጨምርበት ማንም አይቃወመውም።